የውድድር ሞተርና የሞተረኛው ኪሎ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ትራክ (የውድድር መንገድ) ላይ ሞተር መንዳት ከጀመርኩ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው "አትፈራም?" ነው። ሁለተኛው ስለ ኪሎ ነው። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ እፈራለሁ። ሁለተኛው ግን በስልክ አያልቅምና እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር እንስማማ። "ሞተር" ስል ሙሉዋን ሞተር ሳይክል ማለቴ ነው። ልቧን "ኢንጂን" እለዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ምሳሌ ስሰጥ ያማሃ አር6ን የማነሳው የራሴ እሷ ስለሆነች ነው። የሌላ 600 ሲሲ ባለቤት ብትሆኑም ነገሩ ያው ነው።

ክብደት መቀነስ የእውነት ለውጥ አለው?

አለው። ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። ረጅም ቀጥታ ላይ ጋዝ ሙሉ ተከፍቶ ሞተሯ የመጨረሻ ፍጥነቷ ላይ ስትደርስ የሚይዛት ንፋስ ነው። እዚያ ኪሎ ብዙ ወሬ የለውም። ክብደት የሚታወቃችሁ ከመታጠፊያ ስትወጡ፣ ፍሬን ስትይዙ፣ ሞተሯን ከግራ ወደ ቀኝ ስትገለብጧት ነው።

በቁጥር እንየው። ከ2017 ወዲህ የተሠራችው አር6 ነዳጅና ዘይቷ ተሞልቶ 190 ኪሎ ትመዝናለች። እኔ ልብሴን ለብሼ 90 ነኝ። ድምሩ 280። ከዚህ 10 ኪሎ ቢነሳ 3.6 በመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው። ኢንጂኗ 115 ፈረስ ጉልበት አላት ብንል፣ ከመታጠፊያ ስንወጣ 4 ፈረስ ጉልበት እንደመጨመር ይሆናል። አራት ፈረስ ከኢንጂን ለማውጣት ብር ያስፈልጋል፤ የኢንጂኑም ዕድሜ ያጥራል። አስር ኪሎ መጣል ግን ኢንጂን አይነካም። በዚያ ላይ ፍሬን ስትይዙም ይረዳችኋል። ፈረስ ጉልበት ፍሬን ላይ ረድቶ አያውቅም።

እሺ፣ ከምን ልጀምር?

ከሚዛን። ዕቃ ከመግዛት አይደለም።

እኔ ባለቤቴ ዱቄት የምትመዝንበትን የኩሽና ሚዛን ተውሼ ጋራዥ ወረድኩ። አንድ የተማሪ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ። የፈታሁትን ሁሉ ሚዛኑ ላይ እያስቀመጥኩ ጻፍኩ። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ፓራውልት፣ ክላክስ፣ የተሳፋሪ እግር መርገጫ፣ የጎን ማቆሚያ። በጣም የገረመኝ የታርጋ መያዣው ነው። ላስቲክና ፕላስቲክ ይመስለኝ ነበር። ውስጡ ብረት ኖሮት ከነመብራቱ ከኪሎ አለፈ። ከመቀመጫው ኋላ፣ ያውም ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ኪሎ! በነጻ ወረደ።

ማታ ሚዛኑ ላይ የካቴና ቅባት ተገኝቶ ቤት ውስጥ ትንሽ ጭቅጭቅ ነበር። አሁን የራሴ ሚዛን አለኝ።

የጎን ማቆሚያውን ስታነሱ አንድ ነገር አትርሱ። ሴንሰር አለው። እሱን ካላስተካከላችሁ ማርሽ ባስገባችሁ ቁጥር ኢንጂኑ ይጠፋል። እኔ ይህን የተማርኩት ትራክ መግቢያ ላይ፣ ሃያ ሞተረኛ ከኋላዬ ተሰልፎ እየጠበቀ ነው።

ይህ ሁሉ ለትራክ ብቻ ለተመደበች ሞተር ነው። በእሷው ወደ ሥራ የምትሄዱ ከሆነ ስፖኪዮና ፍሬቻ አይነካም።

ነዳጅ ስንት ኪሎ ነው?

ይህን ማንም አይጠይቅም ነበር፤ እኔ ነኝ እንዲጠየቅ የማደርገው። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.75 ኪሎ ገደማ ነው። የአር6 ታንክ 17 ሊትር ይይዛል። ወደ 13 ኪሎ ማለት ነው። የሃያ ደቂቃ ዙር ደግሞ ለ600 ሞተር ከ5 እስከ 6 ሊትር ቢበላ ነው። ስምንት ሊትር ይዞ የገባ ሰው ሙሉ ታንክ ከያዘው ሰው ወደ 7 ኪሎ ይቀላል። ለዚህ አንድ ሳንቲም አላወጣም።

በጣም አታሳንሱት ግን። ታንኩ ሲጎድል በመታጠፊያና በፍሬን ጊዜ ነዳጁ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ፓምፑ አየር ከሳበ ኢንጂኑ ልክ መውጫው ላይ ይንተፋተፋል። ሁለት ሦስት ሊትር ትርፍ ይኑራችሁ።

ባትሪና ማርሚታ መቀየር ያዋጣል?

ባትሪ፣ አዎ፣ ወዲያውኑ። አር6 የምትጠቀምበት ዓይነት የሊድ ባትሪ 3.2 ኪሎ ነው። በሊቲየም ሲተካ ኪሎ የማይሞላ ነገር ታገኛላችሁ። ቻርጀሩ ግን ለሊቲየም የሚሆን ይሁን። ብርድ ላይ ሊቲየም መጀመሪያ ሰነፍ ይመስላል፤ መብራት ለጥቂት ሰከንድ ስታበሩበት ይነቃል።

ማርሚታም ያዋጣል። የፋብሪካው ከነካታሊስቱ (ከጭስ ማጣሪያው) ከባድ ነው። ሙሉ የቲታኒየም መስመር ብዙ ኪሎ ይቀንሳል። ግን ዋጋው ያስደነግጣል፤ ትራኩ የድምፅ ወሰን ካለውም ከበር ያስመልሳችኋል። ደንቡን ሳታነቡ አትግዙ።

ከሁሉም የሚከብደው ኪሎ የትኛው ነው?

የሚሽከረከረው። ጥርጥር የለውም።

የሕፃን ብስክሌት ጎማ በሁለት እጃችሁ በመሐል ዘንጉ ያዙ። ሌላ ሰው በኃይል ያሽከርክርላችሁ። ከዚያ ወደ ጎን ለማጋደል ሞክሩ። እጃችሁን የሚታገላችሁ ነገር አለ። ሞተሯን ከመታጠፊያ ወደ መታጠፊያ ስትገለብጡ የምትታገሉት ይህንኑ ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ላይ ሲሆን ደግሞ ትግሉ ሌላ ነው።

ሌላም አለ። ሻንሲ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ወደፊት ብቻ ይገፋል። የቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ አንድ ኪሎ ወደፊትም ይገፋል፣ መሽከርከርም አለበት። ኢንጂኑ ሁለት ኪሎ ሊሆን ምንም ያልቀረውን ያህል ይሸከመዋል። በዚህ ላይ ቸርኬና ዲስክ ከሞላው በታች ናቸው። ሲቀሉ ጎማው የመንገዱን ጉድጓድና ጉብታ በቶሎ ይከተላል፣ ከአስፋልቱ አይለያይም። ስለዚህ ለቀላል ቸርኬ የወጣ ብር ለብሎን ከወጣ ብር ጋር አይወዳደርም። ካቴናም እዚሁ ውስጥ ይገባል። ብዙ 600 ሞተረኞች ቀጠን ወዳለው ባለ 520 ካቴና የሚሄዱት ለዚህ ነው።

ርካሽ ቸርኬ ግን አትግዙ። በ1984 ሆንዳ አዲሷን የውድድር ሞተር ኤንኤስአር500ን ይዛ ብቅ አለች። የነዳጅ ታንኳ ከኢንጂኑ ስር፣ የጭስ ቱቦዎቿ ከላይ ነበሩ። የኋላ ቸርኬዋ ካርቦን ነበረበት። ደቡብ አፍሪካ ኪያላሚ ላይ፣ ገና በልምምድ፣ ቸርኬው ተሰበረ። የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ፍሬዲ ስፔንሰር ወድቆ ተጎዳ። ያን ዓመት ዋንጫው የኤዲ ሎውሰን ሆነ። ታንኩን ከስር ማድረጉም ቢሆን አልሠራም። ነዳጁ እየጎደለ ሲሄድ የሞተሯ ጠባይ ይለወጥ ነበር። ከላይ ያሉት ቱቦዎችም ሙቀታቸው ለሞተረኛውም ለመካኒኩም መከራ ነበር። ሆንዳ በዓመቱ ታንኩን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ስፔንሰርም በ1985 የ250 ሲሲንም የ500 ሲሲንም ምድብ ዋንጫ ጠቅልሎ ወሰደ። ይህ የደረሰው ሆንዳን በሚያህል ፋብሪካ ነው። ስሙ ከማይታወቅ ሱቅ በግማሽ ዋጋ የመጣ የካርቦን ቸርኬስ? እናንተው ፍረዱ። የዓለም ትልቁ የሞተር ውድድር ሞቶጂፒ ላይ ያሉት እንኳ ዛሬ በማግኒዝየም ቸርኬ ነው የሚሮጡት።

ብሎኖቹን በቲታኒየም ወይም በአሉሚኒየም ልቀይር?

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር።

ኢንተርኔት ላይ ወርቃማ የአሉሚኒየም ብሎን አይቼ ልቤ ሄደ። የፊት ፍሬን ካሊፐሮቹን የሚይዙትን አራቱንም ቀየርኩ። ያምሩ ነበር። በማግስቱ ትራክ ላይ ቴክኒክ የሚያየው ሽማግሌ ተንበርክኮ በእጅ ባትሪ አየና ምን እንደሆኑ ጠየቀኝ። "አሉሚኒየም" አልኩ፣ ደረቴን ነፋ አድርጌ። አልተቆጣም። አንድ ቃል አልተናገረም። የማለፊያዋን ተለጣፊ ሳይሰጠኝ ተነስቶ ወደ ሚቀጥለው ሞተር ሄደ። የብረት ብሎን ከጎረቤት ለምኜ እስክቀይር የጠዋቱ ሁለት ዙር አለፈኝ።

ቤት ስመለስ መዘንኳቸው። አራቱ ተደምረው ያተረፉልኝ 120 ግራም ነው። ሁለት ሲኒ ቡና።

ፍሬን፣ ፐርኖ፣ መሪ እና ሾክ የሚይዝ ብሎን አሉሚኒየም አይሆንም። ፍሬን ይሞቃል፤ ብሎኑ በሙቀትና በድካም ሳይናገር ይሰበራል። ቲታኒየም ከታወቀ አምራች ከሆነ ይቻላል፤ ጥርሱን ቅባት ቀብታችሁ፣ በቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን በሚለካው) በተባለው ልክ አጥብቃችሁ። ካልተቀባ ጥርሱ ተጣብቆ ይቀራል። አሉሚኒየም ምንም የማይሸከም ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ የፕላስቲክ ሽፋኑን ለመያዝ ይሁን። የትራኩ ሰዎች የዘይት ማፍሰሻው ብሎን በሽቦ እንዲታሰር ከጠየቁም እሰሩ። ሽቦው ጥቂት ግራም ይጨምራል፤ ዘይት ትራክ ላይ ከመድፋት ይሻላል።

የውድድር ሞተሮች የፍሬን ማንሻቸው የተበሳሳ ነው። እኔም ልብሳ?

አትብሱ! እነዚያ ቀዳዳዎች ለክብደት አይደሉም። ፍጥነት ሲጨምር ንፋሱ ማንሻውን ወደ እጅ ይገፋዋል፤ ፍሬን በራሱ መያዝ ይጀምራል። ቀዳዳው ንፋሱን ያሳልፋል። በድሪል ማንሻ፣ ሻንሲ ወይም ቅንፍ የሚበሳ ሰው ክብደት ቀነሰ አይባልም፤ ስንጥቁ የሚጀምርበትን ቦታ በገዛ እጁ መረጠ እንጂ።

ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ የክብደት ወሰን አለ?

አለ፤ ግን እንደየምድቡ ይለያያል። ሞቶጂፒ የሚመዝነው ሞተሯን ብቻ ነው። ለ1000 ሲሲዎቹ ትንሹ ክብደት 157 ኪሎ ነው፤ የ2027ቱ ደንብ ኢንጂኑን ወደ 850 ሲሲ፣ ክብደቱን ወደ 153 አውርዶታል። ሞተረኛው 50 ይሁን 80 ኪሎ የራሱ ጉዳይ ነው። ከሱ በታች ባሉት ምድቦች፣ ሞቶ3 እና ሞቶ2 ላይ ግን ሞተረኛው ከነልብሱ ከሞተሯ ጋር ተደምሮ ይመዘናል፤ ለሞቶ3 152፣ ለሞቶ2 217 ኪሎ። ቀላል ልጅ ከሆነ ቡድኑ ሞተሯ ላይ ተጨማሪ ክብደት ያስርበታል። በእኔ አስተያየት ትክክለኛው እሱ ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ለግማሽ ኪሎ ብሎ ራት ሳይበላ ማደር የለበትም።

ሱፐርባይክም፣ ማለትም ከሱቅ ሞተሮች የተሠሩት የሚወዳደሩበት፣ በ2024 ወደዚህ ቀረብ አለ። ያኔ አልቫሮ ባውቲስታ በዱካቲ የ2022ን እና የ2023ን ዋንጫ ተከታትሎ ወስዶ ነበር። ሰውየው ትንሽ ነው፤ ቀጥታ ላይ ሲያመልጥ የሚደርስበት የለም። ደንቡ ከነልብሱ 80 ኪሎ የሚሆን ሞተረኛን መነሻ አደረገና ከዚያ የሚቀል ሰው ሞተር ላይ ክብደት ተጫነ። ባውቲስታ ቅር ብሎት ነበር፤ ትልልቆቹ ግን እፎይ አሉ።

ቀላል መሆን ሁልጊዜ ፀጋ ነው ማለት ግን አይደለም። የሞቶጂፒው ዳኒ ፔድሮሳ 1 ሜትር ከ60 ነው፣ ክብደቱ 51 ኪሎ ገደማ። በትልቁ ምድብ 31 ጊዜ አሸንፏል። በመጨረሻ ዓመታቱ ግን ብርድ በሆነ ቀን ጎማው አልሞቅለት ብሎ ሲሰቃይ አይተናል። ጎማን የሚያሞቀው ጫና ነው፣ ጫና ደግሞ ከክብደት ነው የሚመጣው።

እኔ ራሴ ብቀጥንስ?

ይህን ጥያቄ ሰው ቀስ ብሎ፣ በመጨረሻ ነው የሚያነሳው። አምስት ኪሎ ከሞተር ላይ ለማውረድ ስንት እንደምታወጡ አይታችኋል። አምስት ኪሎ ከሆድ ማውረድ ገንዘብ ያተርፋል እንጂ አያስወጣም። ሞተረኛው ከነልብሱ ከጠቅላላው ክብደት ሲሶ ያህል ነው። ደግሞም ከፍ ብሎ የተቀመጠው ሲሶ!

ቀስ ይበል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃል። ከዚያ የፈጠነ ጡንቻ ይበላል፤ ጡንቻ ደግሞ ትፈልጉታላችሁ። ከባድ ፍሬን ላይ ሰውነታችሁን የሚይዘው ጭናችሁና ወገባችሁ ነው። እነሱ ሲደክሙ ክብደቱ ወደ ክንድ ይሄዳል። ክንድ ሲደነድን ጣት ፍሬን መለካት ያቅተዋል። እኔ አንድ ክረምት እንጀራ ትቼ፣ ሥጋም ትቼ ሰባት ኪሎ ወረድኩ። በፀደይ ሦስተኛው ዙር ላይ ክንዴ እንጨት ሆነ። ቀጥኛለሁ፣ ግን ዘግይቻለሁ። በዓመቱ ቁጭ ብድግና ዋና ጨምሬ፣ እንቁላልና ምስር አብዝቼ ሦስቱ ኪሎ ተመለሰ፤ ሰዓቴ ግን ወረደ።

ላብ ወይም ሳውና ገብቼ ብቀንስስ?

ይህ የቦክሰኞች ብልሃት ነው። ቦክሰኛ ተመዝኖ፣ ጠጥቶ፣ አድሮ ነው የሚገጥመው። እናንተ በቆዳ ልብስ ተጠቅልላችሁ ፀሐይ ላይ ልትነዱ ነው። ከሰውነት ክብደት ሁለት በመቶ የሚሆን ውሃ ሲጎድል ማተኮር ይቀንሳል። ለ75 ኪሎ ሰው ያ አንድ ኪሎ ተኩል ነው። በሞቃት ቀን ሳታስቡት በላብ የምታጡት ነው። ከዙር በፊትና በኋላ ራሳችሁን መዝኑ። ለጎደለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ከአንድ ሊትር በላይ ጠጡ፣ ጨው ያለው ነገር ጨምራችሁ። ትልልቆቹ ጀርባቸው ላይ ባለችው ጉብታ ውስጥ ውሃ የሚይዙት ለጌጥ አይደለም።

በጾም ወቅት ትራክ መውጣት ይቻላል?

ከሐበሻ ልጆች በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው። ምግቡ ችግር የለውም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን በልቶ መንዳት ይቻላል፤ ለኪሎም ጥሩ ነው። ጾም ነው ተብሎ ዘይቱ ካልተገለበጠበት! ችግሩ ውሃው ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጡ ቆዳ ለብሶ መንዳት አይሆንም፤ ለሚጾም ሙስሊም ወንድማችንም በረመዳን ያው ነው። ትራክ ላይ ብዥ ያለበት ሰው ሌላ ሰው ይዞ ይወድቃል። እኔ በዓቢይ ጾም ወቅት ለትራክ አልመዘገብም። ትራኩ ከፋሲካ በኋላም እዚያው ነው።

ልብሴንና ሄልሜቴን ላቅልል?

መከላከያ አውጥታችሁ አታቅልሉ። ቀላል የምትፈልጉ ከሆነ የካንጋሮ ቆዳ አለ፤ ውፍረቱ ከላም ቆዳ ያነሰ ሆኖ ጥንካሬው አያንስም። ዋጋው ግን ይናገራል። የካርቦን ሄልሜት ሁለት ሦስት መቶ ግራም ይቀላል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ አንገት ያ ይታወቃል። ልብስ ውስጥ የሚገባው ኤርባግ ከኪሎ በላይ ሊጨምር ይችላል። ይጨምር። ሞቶጂፒ በ2018 ግዴታ አድርጎታል። ግራም ቆጥረው የሚኖሩት እነሱ ከተሸከሙት እኛም እንችላለን።

አዲስ አበባ ላይ ለሚነዳስ?

ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኢንጂኑ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ኪሎው ግን አይቀንስም። ስለዚህ እዚያ እያንዳንዱ ኪሎ ይበልጥ ይከብዳል። መንገድ ላይ ለምትነዱ ምክሬ አጭር ነው፦ የማያስፈልግ ሳጥን አውርዱ፣ ጎማ በልኩ ንፉ፣ መብራትና ስፖኪዮ አትንኩ።

ክብደቱ ከወረደ በኋላ የሚስተካከል ነገር አለ?

ሞላው። ይህን ሰው ይረሳዋል። የፋብሪካው ሞላ ለተወሰነ ክብደት የተመረጠ ነው። ከሞተሯ አስር፣ ከእናንተ አምስት ኪሎ ሲሄድ ሞላው ጠነከረ ማለት ነው። ሞተሯ ከላይ ትቆማለች፣ ጉብታ ላይ ትዘላለች፣ እናንተም "ድሮ ትሻል ነበር" ትላላችሁ።

አንድ ሰው ጥሩ። ሞተሯን አንስታችሁ ሁለቱም ጎማ አየር ላይ ሲሆን ከኋላው ፐርኖ እስከ ጭራዋ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ። ከዚያ አውርዳችሁ፣ ሙሉ ልብስ ለብሳችሁ፣ እግር መርገጫው ላይ እግራችሁን አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ጓደኛችሁ ሞተሯን ቀጥ አድርጎ ይያዝ። እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ሳግ ይባላል። ለትራክ 30 ሚሊሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ካነሰ የሞላውን ጫና አላሉት። እስከ መጨረሻው አላልታችሁትም ካነሰ ለስለስ ያለ ሞላ ግዙ። የፊቱንም እንዲሁ ለኩ፣ ቁጥሮቹንም ከኪሎው ጎን ደብተሩ ላይ ጻፏቸው።